ሮዳጅዋን እንደጨረሰች ሰማያዊ ጭስ የጀመረችው አዲስ ሞተር

ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለሞተር ሳይክል መሸጫውና ለሰርቪስ ክፍሉ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተከለከልኩትን የዋስትና ጥገና ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም ላይ ከእናንተ አዲስ 125 ሲሲ ሞተር ገዝቻለሁ። ሥራዬ ዓሣ ማከፋፈል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ የተገኘውን ተቀብዬ ፀሐይ ሳይበረታ ለምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። ብሩ ጥሬ ግሬ ያጠራቀምኩት የዕቁብ ብር ነው። ሞተሯ ቆመች ማለት የቤቴ እንጀራ ቆመ ማለት ነው።

ያስረከባችሁኝን ቀን ላስታውሳችሁ። ሠራተኛችሁ ሞተሯን በመቆሚያዋ አቁሞ አስነሳት። ገና አልሞቀችም። የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ጮኸች። ለቀቀው፣ ደገመው። ሦስት ጊዜ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ግሎ አዲስ ቀለሙ ሲሸት ትዝ ይለኛል። "ኧረ ቀስ፣ አዲስ እኮ ናት" አልኩት። "ጋሼ አያስቡ፣ እንዲህ ነው የምትፈታው" አለኝ። ስለ ሮዳጅ፣ አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ቀስ ተብሎ እየተነዳ ስለሚላመድበት ጊዜ፣ ስጠይቀውም "እሱ የድሮ ነው፣ የአሁን ሞተር ሮዳጅ አይፈልግም፣ እንዳሻዎት ይንዷት" ብሎኛል። የአጠቃቀም መመሪያውን ጠየቅኩ። ከፋብሪካው አብሮ አልመጣም ተባልኩ።

እኔ ግን ዝም ብዬ አልነዳኋትም። ጎረቤቴ የቆየ መካኒክ ነው፣ እሱ የነገረኝን ነው ያደረግኩት። ጠዋት ጠዋት አሞቃታለሁ። ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት አልነዳም፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አደርጋለሁ። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ አላስጨንቃትም። አልዋሽም፣ አንድ ቀን ሰው አፈናጥጬ የቤዛዊትን ዳገት ወጥቻለሁ። እሱንም በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ነው።

620 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይት ላስቀይር መጣሁ። "የእኛ ሰርቪስ 2,500 ላይ ነው፣ ያኔ ይምጡ" ብላችሁ መለሳችሁኝ። አምኜያችሁ ሄድኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። አዲስ ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር የሚላመደው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ሆን ተብሎ በጥቃቅን ጭረት ሸካራ ይደረጋል። የፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) እዚያ ላይ እየተፋተገ ነው ቦታውን የሚይዘው። የሚፈጨው ብናኝ ወደ ዘይቱ ይገባል። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ የሚቀየረውም ለዚህ ነው። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ደግሞ ያላቸው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው፣ ደቃቁን ብናኝ አያስቀረውም።

ጭሱ የጀመረው 1,200 ካለፈች በኋላ ነው። ዘይት ሲነድ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ፣ በተለይ ነዳጅ ስሰጣት። አንድ ሊትር የማትሞላ ዘይት ይዛ በሳምንት ውስጥ ግማሹን ጨረሰችው። ጎረቤቴ ዘይቱን አውርዶ ጥቂቱን ነጭ ሳህን ላይ አፈሰሰው። ሳህኑን ወደ ፀሐይ ዘንበል ሲያደርገው ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ብናኙ እንደ ብር ብልጭ ብልጭ ይላል። በጣቴ አሸሁት፣ ይሻክራል። በማግስቱ ጠዋት ዓሣ እንደጫንኩ ጉልበት አጥታ መንገድ ላይ ቆመች። በረዶው ቀልጦ ከሳጥኑ ሲንጠባጠብ ባጃጅ ፍለጋ ቆሜያለሁ። የዚያን ቀን ግማሹን ዓሣ ጥያለሁ።

ወደ እናንተ አመጣኋት። የሰርቪስ ኃላፊው መሳቢያውን ከፍቶ መመሪያውን አወጣ። አልመጣም ያላችሁኝን መመሪያ! ገጹን ገልጦ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ሞተሯ እስከ ጫፍ ነዳጅ እንደማይሰጣት፣ የመጀመሪያው ዘይትም 500 ላይ እንደሚቀየር አነበበልኝ። ከዚያ "ሮዳጅ አልጠበቁም፣ ዋስትናው አይሸፍንም" አለኝ። ሮዳጅ አያስፈልግም ያለኝ ማነው? 620 ላይ ስመጣ የመለሰኝ ማነው? ገና ሳትሞቅ ሦስት ጊዜ ያስጮኻት የማን ሠራተኛ ነው?

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እኔ የተሰጠኝ መረጃ የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው መሳቢያችሁ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ሲሊንደሩ እኔ ባለሁበት ይከፈትልኝ። ፋሻው፣ ካስፈለገም ፒስተኑና ሲሊንደሩ፣ በዋስትናው ያለ ክፍያ ይቀየርልኝ። መመሪያውም ይሰጠኝ። ከእኔ በኋላ የሚገዛውም ሰው ቁልፉን ሲረከብ መመሪያው በእጁ ይግባ፣ በአማርኛም ይነገረው። በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ ጉዳዩን ወደ ክልሉ ንግድ ቢሮ እወስደዋለሁ።

የደረሰኙን ኮፒ አያይዣለሁ። ያ ዘይትም በጠርሙስ ተቀምጧል። ሞተሯ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች፣ ቆጣሪዋ 1,460 ላይ ነው። ባለሙያችሁን ልካችሁ አሳዩ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ