ማን አደራጃችሁ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ፓርቲዎች ብዙ ትጽፋላችሁ። ማን ከማን ጋር ተጣመረ፣ ማን ከማን ተለየ፣ ማን መግለጫ አወጣ። ያስፈልጋል፣ እኔም አነባለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ፓርቲ ስለሌለበት ፖለቲካ ነው። ጨርቆስ ውስጥ፣ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ስለተጀመረ ነገር።

ግቢያችን ሰባት ክፍል አለው። ሰባት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ሁላችንም ተከራዮች ነን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚህ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አምና ነሐሴ ላይ፣ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ ጎረቤታችን ኪራይ ተጨመረባት። በዓመት ውስጥ ሁለተኛው ጭማሪ ነው። «አልችልም» ስትል በአንድ ሳምንት ልቀቂ ተባለች። ምጣዷን አጥፍታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሊጡ በባልዲ ተቦክቶ አጠገቧ ተቀምጧል። ነገ ይጋገር አይጋገር አታውቅም። «እሺ፣ ዕቃዬንስ ልሸከም። ደንበኞቼን በምን ልሸከማቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ እሷው ቤት ቡና ተፈላ። ከተከራዮቹ አንዱ ወጣት መምህር ነው። ስልኩን አወጣና «ኧረ ሕግ አለ» አለን። አላመንነውም። አነበበልን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016። ፓርላማው ያጸደቀው መጋቢት 2016 ላይ ነው። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባልም። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይቻልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ ቢኖር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ካስታወቀው መጠን ማለፍ የለበትም።

አቦሉ ሳያልቅ ቤቱ ጸጥ አለ። ሕጉ ከወጣ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከሰባታችን አንዳችንም ውል በእጃችን የለም። ለካ ስንለምን የኖርነው የራሳችንን መብት ነው።

በሚቀጥለው እሁድ አምስት ሴቶች ሆነን አጎራባች ግቢዎችን ዞርን። ብዙ አልተናገርንም። «ኪራይ ስንት ትከፍያለሽ? መቼ ተጨመረ? ውል አለሽ?» ብቻ። መልሱን ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ጻፍን። ከዚያ በየሳምንቱ እየተሰበሰብን አዋጁን አንድ አንድ አንቀጽ እናነብ ጀመር። መምህሩ ያነባል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ያ አንቀጽ በእሱ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል። ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት ከሁላችንም በላይ ይይዙት ነበር። አንድ ቀን መምህሩ የሁለት ወሩን ነገር አሳስቶ ሲናገር ያረሙት እሳቸው ናቸው።

በአራተኛው ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰው ሆንን። ግቢው አልበቃ አለ። የእድራችን ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበት ቤት ሰፊ ስለሆነ፣ እሱን ለመጠየቅ ወደ እድሩ ዳኛ ሄድኩ። አዳመጡኝ። ከዚያ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ፖለቲካ አይደለም» አልኳቸው።

ዋሸሁ። እሳቸውም አወቁብኝ። ዛሬ ድረስ ያንን መልሴን እጸጸትበታለሁ። ጣሪያና ደሞዝ፣ ማን ይቆያል፣ ማን ይባረራል የሚለው ነገር ፖለቲካ ነው። እንዲያውም ለእኛ ከዚህ የቀረበ ፖለቲካ የለም። ቃሉን ፈርተን ስንሸሽ፣ ነገሩን ለሌሎች ትተን እንመጣለን።

የጋሼ ፍርሃት ግን ባዶ ፍርሃት አይደለም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና የራሳቸውን ነገሩኝ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነትን ጠይቀው አደባባይ ሲወጡ፣ እሳቸው ክርስቲያን ሆነው የጎረቤታቸውን ልጅ ተከትለው ወጥተዋል። ብዙ ክርስቲያኖች እንደዚያ ወጥተው ነበር። በዓመቱ፣ ሐምሌ 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ 47 ሲወረስ እልል ብለዋል። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች በነዋሪዎች ማኅበር ስር ገቡ፣ ኪራያቸውም ቀነሰ። ያ ማኅበር ነው ኋላ ሁላችንም «ቀበሌ» ያልነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር። ሲጀመር የነዋሪው ነበር ማለት ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው ይመረጣል፣ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ይመከራል። ጋሼ በሃያ ዓመታቸው ለዚያ ስብሰባ ወንበር ያመላልሱ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ጠብመንጃ ገባ። ታላቅ ወንድማቸው የተወሰደው በማያውቃቸው ሰዎች አይደለም። እነዚያው ወንበሮች ላይ አብረውት ይቀመጡ በነበሩ ሰዎች ነው።

ያኔ ተማሪውና ሠራተኛው «ተራማጅ» ይባል ነበር። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ውስጡ መራመድ አለ። ግን «እርምጃ» የሚለውም ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው። በ1969 «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። በጋሼ ጆሮ ሁለቱ ቃላት እስከ ዛሬ አልተላቀቁም። እኔ የዚያን ትውልድ ቅንነት አልጠራጠርም። መሬት ለአራሹ ብለው የካቲት 1957 አደባባይ የወጡት ልጆች ለራሳቸው አንድ ጋሻ መሬት አልጠየቁም። የጎደለው ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎረቤት ጎረቤቱን ከማወቁ በፊት የፖለቲካ መስመር መጣ። መስመሩ ከላይ ወረደ፣ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፣ አንዱ ሌላውን ጠቆመ።

ከዚያ ወዲህም የለመድነው ያንኑ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባልን፣ ተደራጀን። ፎርም ሞላን። አምስታችን ስለ ራሳችን ችግር ግን አንድ ቀን አልተነጋገርንም። ስለዚህ ዛሬ ሰው «ተደራጀን» ሲል የሚከተለው ጥያቄ «ማን አደራጃችሁ?» የሚል ነው። በገዛ ፈቃዱ የሚደራጅ ሰው ያለ አይመስልም።

ጋሼ በመጨረሻ ቁልፉን ሰጡኝ። «ወንበሮቹን ቆጥረሽ መልሺ» ብቻ አሉኝ።

ደብዳቤ ጻፍን። ውላችን በአዋጁ መሠረት እንዲመዘገብልንና ከሕግ ውጭ የተጨመረው ኪራይ እንዲታይልን። ማን ቀድሞ ይፈርም የሚለው ግን ሁለት እሁድ ፈጀብን። አንደኛ የፈረመው መሪ ይባላል፤ መሪ የተባለ ደግሞ ይጠራል። አንዲት ጎረቤት በነጋታው መጥታ «ስሜን ፍቁልኝ» አለች። ልጆች አሏት፣ ፋቅንላት፣ ማንም አልተቀየማትም። በኋላ ያቺ እንጀራ ጋጋሪዋ አንድ ነገር አመጣች። የምጣድ አክንባሎ ወረቀቱ ላይ ደፍታ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረች። «በዚህ ዙሪያ እንፈርም» አለች። ፈረምን። ሠላሳ ስም ዙሪያውን ከበበ፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።

ደብዳቤውን ይዘን አንድ ቢሮ ገባን። ባለሙያው ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ። ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ። «ማን አደራጃችሁ? ሕጋዊ ፈቃድ አላችሁ?» መምህሩ ተዘጋጅቶ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ለማንኛውም ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት እንደሚሰጥ፣ ለአቤቱታ የማኅበር ፈቃድ እንደማያስፈልግ በትሕትና ነገረው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እሱም ከሩቅ ሰፈር ተከራይቶ የሚመላለስ ሰው መሆኑን በኋላ ሰማን። ማኅተም መታልን። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። እስካሁን የአሥራ ስምንት ቤት ውል ተመዝግቧል። የእንጀራ ጋጋሪዋ አንዱ ነው።

አከራዮችን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የእኛ አከራይ ባል የሞቱባቸው እናት ናቸው። ኪራዩ ጡረታቸው ነው። ውሉ ሲመዘገብ ግብር እንዳይመጣባቸው ፈርተው ነበር፤ የገበያውም ኑሮ ለእሳቸው አልረከሰም። ቡና ጠርተናቸው መጡ። መጀመሪያ አኮረፉ። አዋጁን ለእሳቸውም አነበብንላቸው፣ የግብሩን ነገር አብረን ጠየቅንላቸው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ተከራዮቹ ልንጠግን፣ እሳቸው ውሉን ሊያስመዘግቡ ተስማማን። ሌሎች ግቢዎች ውስጥ ግን እንዲህ አልሆነም፤ እስካሁን የተኳረፉ አሉ። የእኛ ጥያቄ እሳቸውን ማስቸገር አይደለም። ከተማው ውስጥ ቤት ማነሱና የኪራዩ ዋጋ የማይቀመስ መሆኑ ሁለታችንንም እርስ በርስ አናክሶናል።

አጠገባችን ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ጎረቤት ተበተነ። ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። እዚያ የሄደች የእኔ ደንበኛ «ቤቱስ ቤት ነው፣ የሚቀብረኝ ሰው ግን ካዛንቺስ ቀረ» አለችኝ። ልማቱን አልቃወምም፤ ንጹሕ መንገድና ፍሳሽ ማንም ይወዳል። ግን ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅን መብት ለዜጎች አስቀምጧል። ተራው ለእኛ ቢደርስ፣ ቢያንስ አብረን የምንጠየቅ፣ አብረንም የምንመልስ ሰዎች እንሁን ብለናል። ደብተሩ የሚጠቅመን ለዚያም ነው።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው አለ። የኪራይ አዋጁን በቀላል አማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ገጽ አውጡልን። ቆርጠን በየግቢው በር ላይ እንለጥፈዋለን። ሌሎች ሰፈሮችም፣ ተክለ ሃይማኖትም ይሁን አሜሪካን ግቢ፣ እንዲህ የጀመሩት ነገር ካለ ጻፉልን። ስማቸውን አታውጡ፣ የሠሩትን ብቻ ንገሩን።

የቀረውን ልጨርስ። ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ ሁለት ልጆች በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ከእኛው ሰፈር ቤቶች ውስጥ በሠራተኛነት የተቀጠሩ ናቸው። አንዷ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላት ነው። ስብሰባው ሲያልቅ እጇን አወጣች። «እኛስ? ለእኛ ሕግ የለም?» አለች። መምህሩ ስልኩን አየ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ሳይሆን ለግል አገልግሎት የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል፤ የእነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ትቶታል። ይሄን ሲያነብ ቤቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ጸጥ አለ። ምክንያቱም ከተሰበሰብነው ውስጥ ቢያንስ አራታችን ሠራተኛ ቀጥረናል። እኔም አንዷ ነኝ። ስፌት ላይ ስውል ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ የዕረፍት ቀን የላትም። አከራዬን «ውል ስጪኝ» ስል ከርሜ፣ እኔ ለእሷ ውል አልሰጠኋትም።

አንዳንዶች ተቆጡ። «ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አታቀላቅሉት» አሉ። ሁለት ሰዎች ከዚያ ወዲህ አልመጡም። የቀረነው ግን የሚቀጥለውን እሁድ ለእነሱ ሰጥተናል። ስብሰባው ከጠዋት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተዛውሯል፤ የምሳ ዕቃ አጥበው የሚጨርሱት ያኔ ስለሆነ። እሁድ ከሰዓት እንግዲህ እኔ ቤት የሚታጠብ ዕቃ አይኖርም። ደብተሩ ላይም አዲስ ገጽ ከፍተናል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጻፈችው ራሷ ናት።

አክባሪያችሁ፣
ከጨርቆስ አንዲት ልብስ ሰፊ