አንበሳን ሁሉም ያውቀዋል፤ አነርንና ዘመዶቹን ለማስተዋወቅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአራት ኪሎ፣ የስድስት ኪሎና የፒያሳ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎችና መምህራን፦

እኛ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች በአገራችን የሚኖሩትን የድመት ዘር የዱር አራዊት የሚያስተዋውቅ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚዘዋወር ዐውደ ርእይ እያዘጋጀን ስለሆነ፣ ሥራውን ከፍጻሜ ለማድረስ ድጋፋችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንበሳ በዚህ ከተማ አስተዋዋቂ አያሻውም። በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ሐውልት ቆሞለታል፤ በኪሳችን ባለው ሳንቲም ላይም ምስሉ ተቀርጿል። ነብርንም ቢሆን የማያውቀው የለም። አቦ ሸማኔ፣ ደልጋ አንበሳ፣ አነርና የዱር ድመት ግን በዚሁ አገር እየኖሩ ለብዙው የከተማ ልጅ ባዕድ ናቸው። ስለዚህ የአንበሳን ባነር መጨረሻ ላይ አድርገነዋል፤ እንደማይቀየመን እናምናለን።

አነር ረጃጅም እግሮችና ቀጥ ብለው የቆሙ ትልልቅ ጆሮዎች ያሉት፣ ቢጫ ቆዳው በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ እንስሳ ነው። ሣር ውስጥ ቆሞ የአይጥን ኮሽታ በጆሮው ይለይና፣ ወደ ላይ ዘሎ በፊት እግሮቹ ይወርድባታል፤ ከሁለት ሙከራው አንዱ ገደማ ይሳካለታል። እንደ መንዝ ጓሳ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የሚኖረው አነር ዋና ምግቡ አይጥ በመሆኑ የገበሬው ባለውለታ ሊባል ሲገባው፣ አልፎ አልፎ ዶሮ ስለሚነጥቅና የነብር ግልገል ስለሚመስል ይገደላል።

የአቦ ሸማኔ ነገር ከዚህም ይከፋል። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት 7,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል፤ እንዲህም ሆኖ ግልገሎቹ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል እየተያዙ፣ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት እንስሳነት በድብቅ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹም ገዢው ዘንድ ሳይደርሱ ይሞታሉ። የዱር ድመትን ደግሞ የሚያሰጋው ከቤት ድመት ጋር መዳቀሉና ከእርሷ የሚተላለፍበት በሽታ ነው፤ የማንፈልጋትን ድመት በከረጢት አድርገን ጫካ ዳር የምንጥል የከተማ ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ሥዕሎቹን የሰፈራችን ሠዓሊዎች ያለ ክፍያ ሠርተውልናል፤ ጽሑፉንም የባዮሎጂ መምህራን አርመውታል። የቀረን የባነሮቹ ኅትመት፣ የማጓጓዣ ወጪና ለተማሪዎች የሚታደል አነስተኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይታተማል፤ በሶማልኛም እንዲወጣ የምንሻው የአቦ ሸማኔ ግልገሎች በሚነጠቁበት አካባቢ የሚያነበው እንዲያገኝ በማሰብ ነው፤ ለዚህም ተርጓሚ እንፈልጋለን። የማተሚያ ቤት ባለቤቶች ወረቀት ወይም የሥራ ዋጋ ቅናሽ ብትለግሱን ከገንዘብ ለይተን አናየውም።

ገንዘብ የምትለግሱ ሁሉ በእድራችን ጽሕፈት ቤት ለገንዘብ ያዡ እየከፈላችሁ ደረሰኝ እንድትቀበሉ፣ ያለ ደረሰኝ ለሚጠይቃችሁ ማንኛውም ሰው ግን እንዳትሰጡ በጥብቅ እናሳስባለን። ገቢና ወጪው በየወሩ በጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከኅትመት የሚተርፍ ገንዘብ ካለም ለተጨማሪ የመጽሐፍ ቅጂ ይውላል።