የጨው ግድግዳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አፍንጫዬ ብቻ ተልጧል። በስልክ "ዳሎል ሄጄ መጣሁ" ብልሽ "አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ እሳት ውስጥ ምን ልትሠራ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። እንግዲህ ልንገርሽ።

ቢጫና አረንጓዴ የሚፈላውን የአሲድ ኩሬ በፎቶ አይተሽዋል፤ አልደግመውም። ሰው ሁሉ የሚሄደው እሱን ሊያይ ነው። እኔን የወሰደኝ ሰው ጥሎት የሄደው ሰፈር ነው።

ከመቀሌ በበራህሌ አድርገን አሕመድ ኢላ ወረድን። ወረድን ስልሽ ለወጉ አይደለም፤ ሜዳው ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በማግስቱ ሳይነጋ ነጩን ሜዳ በመኪና አቋርጠን ኮረብታው ላይ ወጣን። ጎህ ሲቀድ ግድግዳዎቹ ታዩኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ጠርቤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ግድግዳው ጨው ነው! በጣቴ ዳበስኩት፣ ከዚያም፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ቀመስኩት። "ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" ይባል የለ? እዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ገንብተውታል።

ግንበኛ ዓይኑ የሚያርፈው ረድፉ ላይ ነው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጣሪያም የለው፤ ረድፉ ግን ብዙ ቦታ አሁንም ይለያል። በየቦታው የወደቀው ቆርቆሮና ብረት ዝጎ በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። በእኛ ሥራ ብረት የሚገባው ግንቡን ሊያጠነክር ነው፤ እዚያ ብረቱ አልቆ ጨዉ ቆሟል። ዝናብ እምብዛም ስለማያገኘው ነው እንጂ የእኛ የሐምሌ ዶፍ አንድ ሳምንት ቢወርድበት ወጥ ማጣፈጫ እንኳ አይተርፍም ነበር።

ሰውን እዚያ ያመጣው ፖታሽ ነው፣ ለማዳበሪያ የሚሆነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያኖች ጀመሩት። ኤርትራ ካለው የመርሳ ፋጡማ ወደብ ሐዲድ ዘርግተው እ.ኤ.አ. በ1918 ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ድረስ አቀረቡት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልቆ የሌሎች አገሮች ፖታሽ ገበያውን ሲሞላው ሥራው ተዳከመ፣ በኋላም ሐዲዱ ተነቀለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲቆፍርና ሲያጠና ቆይቶ እሱም ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። ልብ በዪ፣ የቀትር ሙቀት አይደለም፤ ሌሊቱም ብርዱ ወቅትም ተደምሮ ነው። ሰው በኖረበት ቦታ ከዚህ የበለጠ አልተመዘገበም ይላሉ።

ከኮረብታው ስንወርድ ጨው ቆራጮቹ ሥራ ላይ ነበሩ። አንዱ በመጥረቢያ ይሰነጥቃል፣ ሌላው በረጅም እንጨት ፈንቅሎ ያነሳል፣ ሌላው ተቀምጦ አሞሌውን እኩል አድርጎ ይጠርባል። ውኃ ልክ የለ፣ ገመድ የለ፣ ግን ሁሉም አንድ ልክ! ቀናሁ፣ አልዋሽሽም። ግመሎቹም ተንበርክከው ጭነታቸውን ይጠብቃሉ። ሐዲዱም ኩባንያውም ከመምጣታቸው በፊት እንዲሁ ነበር።

አንዱን ጠራቢ በአስተርጓሚ "እዚያ ላይ ያለው ቤት ባዶ ነው፣ ለምን ጣሪያ አልብሳችሁ አታርፉበትም?" አልኩት። ሳቀብኝ። "ንፋሱ በየት ይገባል?" አለ።

ይህን ቃል እስካሁን እያላመጥኩት አለሁ። የአፋሮቹን ደቦይታ ሄጄ አየሁት፤ የታጠፈ እንጨት ላይ ሰሌን ተጥሎበት፣ ንፋስ እየገባበት፣ ሲፈለግ ተነቅሎ ግመል ላይ የሚጫን። ሴቶቹ ናቸው የሚሠሩት። እኔ ቤት ስሠራ ብርድ እንዳይገባ እንጂ ንፋስ እንዲገባ አስቤ አላውቅም። እዚያ ላይ ግድግዳውን ያቆመው ሰው እንደ እኔው ያለ ግንበኛ ሳይሆን አይቀርም፣ የለመደውን ሠርቶ የሄደ። አንቺ ንድፍ ስትሠሪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ምንድን ነው? ስትደውዪ ንገሪኝ።

ከፍርስራሹ ምንም አላነሳሁም። ከጠራቢዎቹ ግን አንድ አሞሌ ገዝቼ መጣሁ። ሳሎን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬው ነበር፣ ክረምቱ ሲገባ ማላብ ጀመረና እናትሽ ተቆጣች። አሁን ከሥሩ ሰሃን አድርጌበታለሁ። ለመስቀል ስትመጪ ከተረፈ ታዪዋለሽ።

አባትሽ