ለእናቴ፣ ስለ ሽንት ሕመምሽ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔም ልጆቹም ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እህቴ ናት፤ ነገሩ የሴት ገመና ስለሆነ ሌላ ሰው በሌለበት ታንብብልሽ።

እማየ፣ ሽንትሽ እያቃጠለሽ እንደሆነ፣ ትንሿንም ልጅ ከጎንሽ አስነስተሽ መደብ ላይ ለብቻዋ እንዳስተኛሻት እህቴ በስልክ ነገረችኝ። ያለ አንቺ እንቅልፍ የማይወስዳትን ልጅ! «ይጋባባታል» ብለሽ ነው አሉ። ጎረቤት ሰምቶ ሌላ ነገር እንዳይጠረጥርም ሠግተሻል። ይህ ጨብጥ አይደለም፣ እማየ። ጊዮርጊስ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ የመታሽ ብርድም አይደለም። ልጅቷን ዛሬውኑ ወደ ጎንሽ መልሻት።

እዚህ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ የማየውን ልንገርሽ። የታማሚውን ሽንት በትንሽ ሳህን ላይ ቀብተን በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ እናሳድረዋለን። ጠዋት ክዳኑን ስናነሣ ብዙ ጊዜ ሳህኑ ሮዝ በሆኑ ነጠብጣቦች ተሞልቶ ይገኛል። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው እሱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1885 ኤሽሪክ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ስለዚህ ባክቴሪያ ሲጽፍ ያገኘው በሕፃናት ሰገራ ውስጥ ነበር። በአንቺም፣ በእኔም፣ በትንሿም አንጀት ውስጥ አለ። እዚያ እስካለ ድረስ አብዛኛው ዓይነት አይጎዳም። ሕመም የሚሆነው ከሰገራ መውጫ ወደ ሽንት መውጫ ተሻግሮ ፊኛ ሲደርስ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ መንገዱ ቅርብ ነው፤ የወንድ ግን 20 ገደማ ነው። ፊኛ ውስጥ የሚያሳምመው ዓይነት ገላው ላይ ረቂቅ ፀጉሮች አሉት፤ ጭጎጎት ቀሚስ ላይ እንደሚጣበቅ በእነሱ ፊኛው ላይ ይጣበቃል፣ ሽንትም በቀላሉ አያጥበውም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደግሞ ያንን አካባቢ የሚጠብቁት ደግ ባክቴሪያዎች ይቀንሳሉ። በአንቺ ዕድሜ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ታዲያ አይተላለፍም ወይ? ሕመሙ በብርድ ልብስ፣ በብርጭቆ፣ አብሮ በመተኛት አይጋባም። ባክቴሪያው ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ መንገዱ እጅ፣ ምግብና ውኃ ነው። ሽንት ቤት ደርሶ ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ እጅ የራሱን ለሌላው ያጎርሳል። የተቀበለው ሰው ምንም ሳይሰማው በአንጀቱ ይዞት ይኖራል፤ ሕመሙ ከመጣም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች፣ አንዳንዴም ውሻቸው ሳይቀር፣ አንድ ዓይነት ዝርያ ተጋርተው እንደሚገኙ በምርመራ ታይቷል። ስለዚህ ልጅቷን ከዚህ የሚጠብቃት መለየትሽ ሳይሆን መታጠብሽ ነው። ኩበት ጠፍጥፈሽ ስትነሺ እጅሽን ውኃ ብቻ አስነክተሽ ወደ ሊጥ እንደምትገቢ አውቃለሁ፤ የከብት አንጀትም የራሱ ኮላይ አለው። በሳሙና፣ ጥፍርሽን ጭምር፣ ታጠቢ። እንዲህ ገልጬ መጻፌ አይክፋሽና፣ በጣሳ ስትታጠቢም እጅሽ ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ፣ ወደ ፊት አይመለስ።

ከሁሉ የከነከነኝ የክኒኑ ነገር ነው። የታዘዘልሽን ገና ሲሻልሽ አቁመሽ የቀረውን ለጎረቤታችን ለእትየ ሰጠሻት አሉኝ። ደግነትሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ያለሽን ሳታካፍዪ አታድሪም። ግን ለአንቺ የታዘዘ ለእሷ ላይሆን ይችላል። አሞክሳሲሊን የሚባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ኮላይ ሳህናችን ላይ በየጊዜው አያለሁ፤ መድኃኒቱን የያዘ ክብ ወረቀት እናስቀምጥበታለን፣ እሱ ግን ወረቀቱን ዙሪያውን ከቦ ይበቅላል። መድኃኒት ያለቦታው፣ ያለ መጠኑም በተወሰደ ቁጥር የሚሞቱት ደካሞቹ ናቸው፤ የሚተርፉት ጠንካሮቹ ደግሞ በዚያው በእጅና በምግብ መንገድ ወደ ቤተሰቡና ወደ ጎረቤቱ ይሄዳሉ። እትየንም ካመማት ራሷ ትመርመር በያት።

አሁን የምለምንሽ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሽንትሽ ይመርመር። ከተቻለ ክኒን ከመጀመርሽ በፊት ይሁን፤ መጀመሪያ የሚወጣውን አፍስሰሽ መካከሉን በንጹሕ ዕቃ ስጫቸው። ጸበልሽን አትተዪ፣ መድኃኒቱንም እስከ መጨረሻው ዋጪ። ጎንሽን ወግቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከያዘሽ፣ ወይም ካስመለሰሽ፣ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ይሆናልና ሌሊትም ቢሆን እህቴ ይዛሽ ትሂድ። እህቴ፣ እማየ ንግግሯ ከተምታታባትም ዕድሜ ነው ብለሽ አትለፊው፣ ቶሎ አሳክሚያት።

በሞጣው አውቶቡስ ሳሙናና ለመመርመሪያ የሚሆን ገንዘብ ልኬያለሁ፤ እህቴ መናኸሪያ ወጥታ ትቀበል። ውጤቱን እንደሰጧችሁ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራልሽ አይቼ ከሐኪሙ ጋር እነጋገራለሁ።

ልጅሽ