ያሸነፈውን ብቻ አታሳዩን

ለአዘጋጁ፦

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ስካን አደርጋለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ግን ሥራዬ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ስኮላርሺፕ።

እናንተ አልፎ አልፎ አሜሪካ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘ ልጅ ፎቶ ታወጣላችሁ። ደስ ይላል፤ እኔም አንብቤ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ አውቃለሁ። በማግስቱ ግን እኔ ቤት ሰልፍ ነው። ሰልፈኛው የሚያውቀው ልጁ ማሸነፉን ብቻ ነው። ስንት ሰው እንዳመለከተና ገንዘቡ በምን መንገድ እንደተገኘ አይጻፍማ።

በቀደም ከመሐል ሜዳ በኩል አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ከበርኖሳቸው ሥር ፌስታል አወጡ። በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል። በዚያ ውስጥ የልጅቷ ትራንስክሪፕት፤ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም።

"ወንድሜ፣ ይቺ ወረቀት ሃርቫርድ ታስገባለች ብለውናል። በውጤቷ ብቻ፣ ሙሉ ወጪዋ ተችሎ።"

ማን እንዳላቸው ጠየቅኩ። ኤጀንት ነው። 20 ሺህ ብር ቀብድ ብሏቸው በግ ሊሸጡ ነው።

"አባቴ፣ ሃርቫርድ በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ የለም" አልኳቸው። አላመኑኝም። የዛሬ ሦስት ዓመት ቢሆን እኔም አላምንም ነበር። የእህቴን ልጅ ብር ኤጀንት የበላው ያኔ ነው። የማመልከቻ ክፍያ እያለ ለስድስት ዩኒቨርሲቲ ተቀበለ። ያ ክፍያ አቅም ለሌለው ተማሪ በነፃ እንደሚታለፍ፣ ፎርሙ ላይ አንድ ሣጥን ምልክት አድርጎ ከትምህርት ቤት ማረጋገጫ ማምጣት ብቻ እንደሚበቃ በኋላ ነው የሰማነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉበት አይቪ ሊግ የሚባለው ስምንት ዩኒቨርሲቲ በሙሉ በውጤት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ኤምአይቲ የሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም አይሰጥም። የሚሰጡት በቤተሰብ አቅም ነው። መጀመሪያ ትገባለህ፤ ከዚያ ቤተሰብህ ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ይሰላና የጎደለውን እነሱ ይሞላሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና ጥቂት ሌሎች ደግሞ የውጭ አገር ተማሪ ቢሆንም መክፈል አይችልም ብለው አይጥሉም። ስለዚህ "ሃርቫርድ በሜሪት፣ ማለትም በውጤት ስኮላርሺፕ፣ አስገባሃለሁ" ያለ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሌባ ነው።

በውጤት ትልልቅ ስኮላርሺፕ ከሚሰጡት ብዙዎቹ ከእነዚህ ጋር ተማሪ የሚሻሙ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሃርቫርድ የተቀበለውን ልጅ "ተወው፣ እኛ ዘንድ በነፃ ተማር" ለማለት ይጠቀሙበታል። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው፣ ገንዘቡ የሚሄደው ሌላ በር ለተከፈተለት ልጅ ነው። አሜሪካ ያለውን ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲን ውሰዱ። በሦስት ትልልቅ ስኮላርሺፖቹ በዓመት ወደ 250 ተማሪ ይመርጣል። የሚያመለክተው ግን ከ45 ሺህ በላይ ነው። ብታካፍሉት ከ180 አንድ ይሆናል። ለስኮላርሺፑ ሌላ ማመልከቻ ስላለና ሁሉም ስለማይሞላው ዕድሉ ትንሽ ይሻላል እንበል። ቢሆንም ስኮላርሺፑ የሚሸፍነው የትምህርቱን ክፍያ ነው። ማደሪያና ምግብ ሌላ ሒሳብ ነው፤ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ፣ በእኛ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ። እኚያ አባት ይህን ስነግራቸው ሳቁ። ምን ያድርጉ?

አቅሙ እንደሌለ ማስረዳትም ለብቻው ፈተና ነው። የልጅቷን ፎርም አብረን ጀመርን።

"ዓመታዊ ገቢዎ ስንት ነው?"

"ገብሱ ከሰጠ ነው እንጂ ምን ገቢ አለ!"

"የቤት ዕዳ አለብዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ የማንም ዕዳ የለብኝም።"

በባንክ ብድር ለተሠራ ቤት የተዘጋጀ ጥያቄ እንደሆነ ማስረዳቱን ተውኩት። ሁለት በሬና አሥራ አንድ በግ በዶላር ስንት እንደሚባል ግን ሁለታችንም ጨነቀን። በመጨረሻ ከቀበሌ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለና ሄዱ። ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ መተርጎም አለበት። እሱንም እኔው ነኝ።

የአስተማሪ ድጋፍ ደብዳቤም አለ። የእኛ ደብዳቤ ሦስት መስመርና ክብ ማኅተም ነው፤ "ተማሪዋ ጎበዝና ጨዋ ናት።" እዚያ ግን ይህ ምንም አይነግራቸውም። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ምን እንደጠየቀች፣ መጽሐፍ ሲጠፋ ምን እንዳደረገች ማንበብ ይፈልጋሉ። ለአስተማሪዎቻችን ይህን የነገራቸው የለም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ልጆቹ ሰነፎች ናቸው እያልኩ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። ሃርቫርድም ከመቶ አመልካች የሚቀበለው አራት ገደማ ነው። ያንን ያለፈ ልጅ ይህን ለምን አይሞክርም? ይሞክር። የሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ሞባይል ዳታ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ጭምር ያጠና ነው። ብቻ ሲሞክር የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ይወቅ። በጉንም አይሽጥ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሚቀጥለውን አሸናፊ ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ አራት መስመር ጨምሩ። ገንዘቡ የተሰጠው በውጤት ነው ወይስ በቤተሰብ አቅም? ስንት ሰው አመልክቶ ስንቱ አገኘ? ምን ይሸፍናል፣ ምን አይሸፍንም? ልጁስ ለስንት ቦታ አመልክቶ ስንቱ "አይሆንም" አለው? የመጨረሻውን በተለይ ልጁን ራሱን ጠይቁት። ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ የምለጥፈው እሱን ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከደብረ ብርሃን