መድኃኒቱን የሚቋቋመው ሰውነታችን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ አንቲባዮቲክ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት መግዛት እንዲቀር መምከሩ ተገቢ ነው። ሆኖም «አዘውትረን ስንወስደው ሰውነታችን መድኃኒቱን ይላመደዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንዲታረም ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በመድኃኒት ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን አባባል ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ያለ አይመስለኝም፤ ጉዳቱም ከቃላት ስሕተት ያለፈ ነው።

አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን አሞት መጣና «እህቴ፣ አሞክሳሲሊንን ሰውነቴ ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ነገር ስጪኝ» አለኝ። መቼ እንደወሰደው ስጠይቀው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጉንፋን ይዞት ለሦስት ቀን መዋጡን፣ የተረፉትንም እንክብሎች ባለቤቱ ስታስል እንደሰጣት ነገረኝ። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አሞክሳሲሊን ያን ጊዜም ቢሆን የሚፈይድለት ነገር አልነበረም፤ ጉንፋኑ የለቀቀው ጊዜውን ጨርሶ ነው።

አሞክሳሲሊንን ጨምሮ ከፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች የሚያጠቁት የባክቴሪያውን ግድግዳ ነው። ባክቴሪያ ሲያድግና ለሁለት ሲከፈል ግድግዳውን ያለማቋረጥ እየፈታ ይሠራዋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ የግድግዳውን ክሮች እርስ በርስ የሚያያይዘውን ኢንዛይም ይዞ ሥራ ያስፈታዋል፤ በዚህ ጊዜ ግድግዳው ይሳሳል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያውም ይፈነዳል። የሰው ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ቫይረስም የለውም። አዚትሮማይሲን የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ዲኤንኤውን የሚያፍታታለትን ኢንዛይም ይይዛሉ። ለእነዚህ መድኃኒቶች ሰውነታችን የሚያልፉበት መንገድ እንጂ ተጋጣሚያቸው አይደለም። እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ሰውነት በእርግጥ ይላመዳቸዋል፤ ምናልባት አባባሉ ወደ አንቲባዮቲክ የተሻገረው ከዚያ ይሆናል።

እንዲያውም «መላመድ» የሚለው ቃል ለባክቴሪያውም ቢሆን በትክክል አይስማማም። ቃሉ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀመሰ የተማረው ያስመስለዋልና። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ጆሹዋ እና ኤስተር ሌደርበርግ ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን በከፋይ ጨርቅ ነክተው፣ ጨርቁን ማኅተም እንደሚመታ ሰው ስትሬፕቶማይሲን ባለባቸው ሌሎች ሳህኖች ላይ አሳረፉት። መድኃኒቱን ተቋቁመው የበቀሉት ጥቂቶች በየሳህኑ የተገኙት በተመሳሳይ ቦታ ላይ ነበር። ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመልሰው ከዚያው ቦታ እየመረጡ ሲያባዙ፣ መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ፣ ነገር ግን መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ አገኙ። የሚቋቋሙት አስቀድሞ በመካከላቸው ነበሩ ማለት ነው፤ የመድኃኒቱ ድርሻ ሌሎቹን ገድሎ ሜዳውን ለእነርሱ መልቀቅ ነበር። በተመቸ ሁኔታ በየ20 ደቂቃው የሚከፈል አንድ ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ስለሚሆን፣ ሜዳው ባዶ ሆኖ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን የመቋቋሚያ ዘዴያቸውን እርስ በርስ መለዋወጣቸው ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ቆርጦ የሚያበላሽ ኢንዛይም ያመርታሉ። ኦግመንቲን በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ከአሞክሳሲሊን ጋር ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረውም ይህን ኢንዛይም ለማገድ ነው። የኢንዛይሙ መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በተባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ሲሆን፣ አንዱ ባክቴሪያ ቀለበቱን ገልብጦ ለጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ዘሩ ለማይገናኝ ሌላ ባክቴሪያ ያቀብለዋል። ለጉንፋን ተብሎ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ቫይረሱን ባይነካም አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ያጭዳል፤ የተረፉትም ቀለበታቸውን ይዘው ባልታጠበ እጅና በተበከለ ውኃ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ።

«ሰውነቴ ለምዶታል» የሚል ሰው የማያየው ይህን ነው። በእርሱ አስተሳሰብ አንቲባዮቲክ ያላበዛ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም፤ ያበዛ ሰውም የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው። እንግዲያው በተወለደ በሦስተኛው ቀን ደሙ ክሌብሲዬላ በተባለ ባክቴሪያ ተመርዞ የተለመዱት መርፌዎች የማይሠሩለት ጨቅላ አንዲት እንክብል ሳይውጥ ሰውነቱ ምኑን ለመደ? ጨቅላውን ያገኘው በሌሎች ሰዎች አንጀትና በሆስፒታል አልጋዎች መካከል ሲመረጥ የኖረ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል፤ ይህ ሁሉ ሰው አንቲባዮቲክ ያለአግባብ ሲውጥ የኖረ አልነበረም።

ጽሑፉ «የታዘዘውን ሁሉ ጨርሱ» ማለቱን አልቃወምም፤ በተለይ ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ማቋረጥ ከባድ መዘዝ አለው። ይሁንና ለአንዳንድ ሕመሞች አጭር ሕክምና እንደሚበቃ ጥናቶች እያሳዩ ስለሆነ፣ የቀኑን ቁጥር መወሰን የሐኪሙ ድርሻ መሆኑ አብሮ ቢነገር ጥሩ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ «ሰውነታችን ይላመደዋል» የሚለው «ባክቴሪያው ይቋቋመዋል» ተብሎ እንዲታረም፣ የተቋቋመው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ወዳልወሰደ ሰው እንደሚተላለፍ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲታከልበት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ