ባክሆ ከመግዛታችን በፊት የትራክተሩን ዘይት እንለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ትራክተር በመጠገን ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ያሳለፍኩ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ፣ በትራክተር ጀርባ ላይ የሚገጠመውን መቆፈሪያ፣ በተለምዶ ባክሆ የምንለውን፣ የሚገዙ ገበሬዎችና ማኅበራት እየበዙ ሳለ፣ የትራክተራቸው ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራው ክፍል፣ ለመሣሪያው የሚስማማ መሆኑን የሚያጣራላቸው ሰው ባለማግኘታቸው ለትልቅ ኪሳራ ሲዳረጉ በተደጋጋሚ ማየቴ ነው።

መሣሪያው ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። እንደ ሞረትና ጅሩ ባሉ የዋልካ አፈር አካባቢዎች በክረምት ማሳው ላይ የሚተኛውን ውሃ ለማጠንፈፍ ቦይ መቆፈር ግድ ነው፤ ዋልካ ደግሞ ሲረጥብ ከዶማው አልላቀቅ ይላል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ኤክስካቫተር መከራየት ያልቻለ ማኅበር ባለው ትራክተር ላይ ባክሆ ለመግጠም ቢያስብ ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ገዢው የሚጠየቀው “ትራክተራችሁ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?” ተብሎ ብቻ ሲሆን ነው። የባክሆን ክንድ የሚያንቀሳቅሰው በደቂቃ የሚደርሰው የዘይት መጠንና የዘይቱ ግፊት ነው። መጠኑ የክንዱን ፍጥነት ይወስናል፣ ግፊቱ ደግሞ የመቆፈር ኃይሉን፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም።

ባለፈው ዓመት አንድ የወጣቶች ማኅበር አስጠርቶኝ የሄድኩበትን ሥራ ላንሳ። ትራክተሩ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቤላሩስ ነው። ባክሆውን ያመጣው ገጣሚ ሁለቱን ቱቦዎች ከትራክተሩ የኋላ ዘይት መውጫዎች ጋር አገናኝቶ፣ ክንዱን አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ አድርጎ አሳይቶ ሄዷል። በቤላሩስ ላይ ግን የዘይት ማከፋፈያው እጀታ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ራሱ ወደ መካከል ይመለሳል። ይህ አሠራር ማረሻ ለማንሳትና ለማውረድ የታሰበ በመሆኑ ያለማቋረጥ ዘይት ለሚፈልገው ባክሆ አይሆንም። ወጣቶቹ እጀታው በየጊዜው ሲመለስባቸው በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። በዚያ ላይ የባክሆው መቆጣጠሪያ ቫልቭ ማንም እጀታ በማይነካበት ጊዜ የዘይቱን መንገድ የሚዘጋው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ቆፋሪው ለአፍታ እጁን ባነሳ ቁጥር ፖምፓው የሚገፋው ዘይት በሙሉ የሚያልፈው ግፊት ከልክ ሲያልፍ ዘይት በሚለቀው የትራክተሩ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ በኩል ብቻ ነበር። በደቂቃ 45 ሊትር ዘይት በ160 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ሲገደድ 12 ኪሎዋት ጉልበት አንዲት አካፋ አፈር ሳያነሳ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እኔ ስደርስ ሽቦው እንደታሰረ ነበር፤ ማከፋፈያው እጅ አያስነካም፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ያወጣል፣ የፖምፓው ጎሚኒም ጠንክሮ ተሰነጣጥቋል።

ከግዢ በፊት መጣራት ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ፖምፓቸው ሁልጊዜ እኩል ዘይት የሚገፋ ትራክተሮች፣ ሥራ በሌለበት ጊዜ ዘይቱ በቫልቩ መካከል አልፎ በነፃነት ወደ ታንከሩ እንዲመለስ የሚያደርግ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ቫልቭ ይፈልጋሉ። እንደ ብዙዎቹ ትላልቅ ጆን ዲር ትራክተሮች ያሉት ደግሞ ፖምፓቸው እንደ ፍላጎቱ የዘይቱን መጠን ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ መካከሉ ዝግ የሆነ ቫልቭ ይስማማቸዋል። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ትራክተሩን በገዛ ዘይቱ ይቀቅለዋል።

ሁለተኛው መለካት ነው። የፍሰት መለኪያ መሣሪያ ባይኖር እንኳ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ውስጡ 80 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ዘንጉ 60 ሴንቲሜትር የሚወጣ ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ ለመውጣት 3 ሊትር ያህል ዘይት ይወስዳል፤ ሞተሩ በሥራ ፍጥነት እየዞረ በ6 ሰከንድ ከወጣ ትራክተሩ በደቂቃ 30 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ውጤት የባክሆው አምራች ከሚጠይቀው ልክ ጋር ማስተያየት ብቻ ይቀራል። ፖምፓቸው ካምቢዮ ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰኖች ላይ ይህን ያደረገ ሰው፣ ዘይቱ ማረሻ የሚሰቀልበትን የኋላ ማንጠልጠያ ለማንሳት እንጂ ክንድና ባኬት (አፈር የሚዝቀውን አካፋ) አጣምሮ ለማንቀሳቀስ እንደማይበቃ ወዲያው ይረዳል።

ዘይቱ የማይበቃ ከሆነ በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ የትራክተሩን ሃይድሮሊክ ሳይነኩ በፒቲኦ (ከሞተሩ ጉልበት ተቀብሎ ከትራክተሩ ጀርባ በሚወጣው ተሽከርካሪ ዘንግ) የሚዞር ራሱን የቻለ ፖምፓ ከራሱ ታንከር ጋር መግጠም ነው። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ ይህን ፍጥነት 3 እጥፍ በሚያሳድግ ማርሽ 1,620 አድርገን በአንድ ዙር 27 ሲሲ (ሚሊሊትር) ዘይት የሚገፋ ፖምፓ ብናስርበት ወደ 44 ሊትር እናገኛለን። በ170 ባር ግፊት ሲሠራ የሚወስደው ጉልበት፣ ብክነቱ ታስቦ፣ ከ20 የፈረስ ጉልበት ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ የ60 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ይህን ያለ ጭንቀት ይሸከማል። የቱቦው ስፋት ግን ቸል ሊባል አይገባም። ከታንከሩ ወደ ፖምፓው የሚሄደው መሳቢያ ቱቦ ለዚህ ፍሰት ከአንድ ኢንች ከሩብ ማነስ የለበትም። ጠባብ ከሆነ ፖምፓው ዘይት ስለሚያጣ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይጮኻል፣ ጥርሱም በአጭር ጊዜ ይበላል። የግፊቱ ቱቦ ግማሽ ኢንች፣ የመመለሻው ሦስት አራተኛ ኢንች ቢሆን ይበቃል። መመለሻውም በፊልትሮ አልፎ በቀጥታ ወደ ታንከሩ መግባት አለበት። ከባክሆው ቫልቭ የሚወጣውን ዘይት፣ ቫልቩ ለዚያ የተዘጋጀ ሳይሆን፣ ወደ ሌላ ቫልቭ ማስቀጠል፣ የመመለሻው ክፍል ያልተሠራበትን ግፊት እንዲሸከም ስለሚያስገድደው የቫልቩን አካል እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል።

በጥብቅ የምቃወመው አንድ ልማድ አለ። ክንዱ ሲደክም የማስተንፈሻውን ቫልቭ ፈትቶ ግፊቱን ከፍ ለማድረግ ከስፕሪንጉ ሥር ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) መጨመር በየጋራዡ እንደ ብልሃት ተቆጥሯል። ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) እየታየ፣ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፣ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመሩ አምራቹ እስከ ፈቀደው ልክ ብቻ የሚስተካከል ነገር ነው። ጌጅ ሳይኖር የተጨመረ ሮንዴላ ቱቦ ሲያፈነዳ የሚጎዳው እጀታውን ይዞ የተቀመጠው ልጅ ነው። በግፊት ውስጥ ያለ ቱቦ መርፌ በሚያህል ቀዳዳ ሲያፈስም በእጅ መዳበስ አይገባም፤ ዘይቱ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ቁስሉ ከላይ ሲታይ ኢምንት ቢመስልም በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እጅ ወይም ጣት ሊያሳጣ ይችላል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው። አገጣጠሙንም በተመለከተ፣ ባክሆን በሦስት ነጥብ ማንጠልጠያ ላይ ብቻ መስቀል አደገኛ መሆኑን ገዢዎች ይወቁት፤ ባኬቱ የዛፍ ሥር ወይም ቋጥኝ ሲይዝ መሣሪያው ወደ ላይ ተነሥቶ ቆፋሪውን ከትራክተሩ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ከትራክተሩ አካል ጋር በቡሎን የሚታሰር ጠንካራ ፍሬም ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለሻጮችና ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጥያቄ አለኝ። ሻጮች ባክሆው የሚፈልገውን የዘይት መጠን በሊትር፣ ግፊቱን በባር፣ የቫልቩንም ዓይነት ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ጽፈው ይስጡ፤ ርክክቡም የወረዳው የሜካናይዜሽን ባለሙያ ባለበት፣ ጌጅ ታስሮ፣ ክንዱ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከቆፈረ በኋላና የዘይቱ ሙቀት ታይቶ ይፈረም። በደንብ የተገጠመ መሣሪያ ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆኖ ሊውል ይገባዋል።

የጠቀስኳቸው ወጣቶች ለፖምፓው፣ ለታንከሩና ለአዲስ ቱቦዎች ከኪሳቸው ሁለተኛ ወጪ አውጥተዋል። ባክሆው አሁን ቦይ እየቆፈረ ነው፤ ያ ወጪ ግን መሣሪያውን በገዙበት ቀን በውሉ ውስጥ ሊካተት የሚችል ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የትራክተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን